ሆዴን ስቤ የቆምኩበት ሰልፍ

ሌስተር፣ እንግሊዝ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2019

የምወድህ ልጄ ጂግኔሽ፣

እንዴት ነህ? እዚያ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ሙቀቱ ጀመረ? እናትህ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ተሽሏታል። ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አፈርኩ።

ባለፈው ወር በሂንዱ ቤተ መቅደሳችን አዳራሽ የልብ ምርመራ ነበር። ነርሷ ሒሳብ ያስተማርኳት ሩፓል ናት። ዕድሜን፣ የደም ግፊትን፣ የቤተሰብን ሕመምና የዘር ሐረግን ጠይቃ ወገብ በሜትር ትለካለች። ተራዬ ሲደርስ ሆዴን ሳብኩ።

"ቲቸር፣ ይተንፍሱ እንጂ" አለችኝ።

"ተንፍሻለሁ።"

ከኋላዬ የቆመው ጎረቤታችን ካንቲላል፣ "ተዪው ልጄ፣ ከተነፈሰ ቀበቶው ይበጠሳል!" ሲል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ተናደድኩ። "ሥጋ አልበላ፣ ሲጋራ አላጨስ! አያቴ ህንድ፣ ጉጃራት መወለዱን ከልቤ ጋር ምን አገናኘው?" ብዬ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

"ቲቸር ካልተለካ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ብሎ ካንቲላልም ተከተለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ልቡን ታሞ ሱቁ ውስጥ ወደቀ።

ተርፏል። ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ፣ "አይዞህ፣ እዚህ ሜትር የለም፤ እንደ ልብህ ተንፍስ" አለኝ። ሚስቱ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። የያዝኩትን ብርቱካን የት እንደማስቀምጥ ጠፋኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሩፓል ዘንድ ሄድኩ። እኔ ሁልጊዜ የምለካው ከሆዴ በታች፣ ቀበቶዬ ላይ ነበር፤ እሷ እምብርቴ ላይ ለካችኝ። ዘጠና ስድስት ሴንቲሜትር ሆነ። ለእኛ ለህንድ ዘር ወንዶች ዘጠና ላይ ማስጠንቀቂያ ነው አለችኝ፤ ቀጭን ብንመስልም ስቡ ሆድ ውስጥ ይደበቃል፣ ልባችንም ከሌላው ሰው ቀድሞ ይታመማል። ከስንት ተማሪ "አለካክህ ልክ አይደለም" ብዬ ነጥብ ቀንሻለሁ! እሷ ግን አንድም ቃል ሳትወቅሰኝ ወደ ሐኪም ላከችኝ።

አንተም ሠላሳ ስምንት ዓመትህ ነው። እሮጣለሁ፣ ቀጭን ነኝ እንዳትለኝ። እዚያ ያለ ሐኪም ቅጥነትህን አይቶ ብቻ እንዳያሰናብትህ ዘርህን ንገረው። ስለ ቤተሰብህ ሲጠይቅህም፣ "አባቴ የልብ ደም ሥሩ ጠቧል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የጀመረው ነው" በለው። ሐኪሜ ያለኝ እንዲህ ነው። ለእናትህ ገና አልነገርኳትም።

አምላክ ከእኔ መልካሙን ብቻ ያውርስህ። ስትለካ ግን፣ ልጄ፣ ተንፍስ።

አባትህ ራምኒክላል