ጠብቆ የሚነበብ ቃል

ለውድ እታለም፣ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ። እኛ እማዬ ትንሽ ከመክሳቷ በቀር ደህና ነን።

እኔን የሚያህል አንባቢ በከተማው አልተገኘም። እሺ፣ በማታ ትምህርት ቤታችን፣ በእኔ ወንበር ላይ ማለቴ ነው።

ትናንት እማዬ ሐኪም ቤት መድኃኒቷን በደም ሥሯ ስትወስድ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ለታካሚዎቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «የሰውነት ዘበኞች ካንሰሩን ያድናሉ።» ለካ አላልቼ፣ ካንሰሩን ከሞት እንደ ማዳን አንብቤዋለሁ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ታካሚ «እነዚህን ዘበኞች የቀጠራቸው ማነው?» አለ። እማዬም ከት ብላ ሳቀች።

ነርሷ «ጋሼ፣ ጠበቅ ያድርጉት! አደን ነው እኮ» ብላ አስረዳችኝ። ሴል ሲባዛ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ይገለብጣል። ፊደል ከሳተ አንዳንዱ መባዛቱን ማቆም ይረሳል፤ ካንሰር ማለት ይሄ ነው። የራሳችን ሥጋ ስለሚመስል፣ በደማችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉት ዘበኞች ዝም ብለው ያሳልፉታል። መድኃኒቱ እነሱን ቀስቅሶ ለአደን ያሰማራል። «ሁሉም ሰው ላይ ግን አይሠራም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ስህተቱ በአንዳንድ ቤተሰብ ከእናት ወደ ልጅም ይወረሳል አሉ። «እህት አለዎት?» ስትለኝ «ጉንፋን እንኳ የሚፈራት እህት አለችኝ» ብዬ ጎረርኩ። አንቺ ግን ሐኪም ቤት ጎራ ካልሽ እንዲያው ጠይቂ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ማንንም ሳያስጽፍ በገዛ እጁ የጻፈልሽ ወንድምሽ።

ከላይ ከጻፍኩልሽ ግን አንዱን ነገር ከራሴ ፈጥሬያለሁ። እማዬ አልሳቀችም። ግድግዳውን እያየች «ልጄ፣ ልክ አንብበኸው ቢሆንስ?» ነው ያለችኝ።