ለአክስትሽ የመረጥሽላት ኤስኤስዲ

ይድረስ ለልጄ፤ በወጣሽ በገባሽ ቁጥር ፈጣሪ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን። የጓዳው ቧንቧ ተሠርቷል፣ አባትሽንም ሳሉ ለቆታል።

አክስትሽ ግን ኮምፒውተሯ እንዴት እንደፈጠነ ለሰው ሁሉ ስታወራ ትውላለች። ኤስኤስዲ የሚሉትን፣ ፋይል የሚቀመጥበትን ፈጣን ዕቃ አንቺው መርጠሽላት፣ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድተሻታል አሉ። እኔ ስደውል «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ነው። ቅናት ነው እንዳትዪ። የኔዋ ትንሿ ኮምፒውተር እስክትከፈት ሳሎኑን ጠርጌ እንደምጨርስ ታውቂያለሽ።

እልህ ይዞኝ ያንኑ የእሷን ዓይነት ገዝቼ ከኮምፒውተሬ ጋር ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ወሰድኩት። ኮምፒውተሬን ከፍቶ ለካና፣ «እማማ፣ የእርስዎ ቦታው ጠባብ ነው፤ አጭሩን ነው የሚፈልገው» አለኝ።

«ለእህቴ ልክ የሆነው ለኔ እንዴት ይረዝማል?» ብዬ ተቆጣሁት። ምስኪን፣ ማስመሪያ አምጥቶ አሳየኝ።

አጭሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር። አልገዛሁም። ልጄ ትመርጥልኛለች ብዬው ወጣሁ።

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እሑድ ደውይና አስረጂኝ። ቶሎ ገባኝ አልልሽም።

እናትሽ