ሳልጠይቅህ የሰጠሁት ወፍጮ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 21 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለገብረአማኑኤል፣
አሰብ

የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ብርዱ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ይነጋል፣ ጋቢህን ደርቤ ነው የምተኛው። ዛሬ ጽዮን ማርያም ስለሆነች ሥራ የለም። የቦቴ ሾፌሩ ወልደአረጋይም ነገ ወደ አሰብ ይመለሳል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የሆዴን ልንገርህ። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ግማሹን ሳትሰማ ብድግ የምትል ሰው መሆንህን ስለማውቅ ነው ይህን ማለቴ።

የወፍጮህን ድንጋዮች ሰጠኋቸው።

ይኸው ተናገርኩት። ሁለቱንም ድንጋይ፣ ኩሽኔታዎቹን፣ እህል የሚፈስበትን ቆርቆሮ ሳይቀር። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የቀረው ሞተሩ ብቻ ነው። በግንቦት ስትሄድ «ናፍጣ ሲገኝ መጥቼ አስነሳዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካብኝ» ብለኸኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ማንም አልነካብህም፤ እኔው በየቅዳሜው አቧራውን ስጠርግ ከረምኩ። ናፍጣው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። አንተ እዚያ የምትሞላቸው ቦቴዎች በደጃችን እያለፉ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳሉ፤ ለእኛ አንዲት ጣሳ እንኳ የሚያወርድልን የለም።

የከተማው ወፍጮ ቤት ሁሉ ዝም ሲል ሴቱ ወደ እጅ ወፍጮ ተመለሰ። ኡሙሀኒ፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ በመስከረም ወልዳለች። ገና አርባ ቀኗ ሳይሞላ ወፍጮ ላይ ተደፍታ አገኘኋት፤ መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። «ተነሺ፣ ምን ነካሽ?» ብላት፣ «እኔ ብነሳ ማን ይፈጭልኛል እህቴ? ወላሂ ናፍጣ የሚባለውን ነገር ባናውቀው ይሻለን ነበር» አለችኝ። ያን ቀን አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ በወንዛችን በበሬሳ ላይ የነበረውን የውሃ ወፍጮ የዘጋው ያንተ ሞተር በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። አልወቅስህም። እኔም ብሆን «የባለ ሞተሩ ሚስት» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ብቻ በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ውሃው ዛሬም እየፈሰሰ ነው፤ ቦዩን ብንጠርገው ምን ይለናል?» አልኩ። ወንዶቹ ሳቁብኝ። ቤታቸው ገብተው ለእራት ቆሎ ሲቀርብላቸው ሳቁ ጠፋ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አካፋና ዶማ ይዞ ወጣልህ። የኡሙሀኒ ወንድም አብዱልጀሊል፣ ከአሊዩ አምባ እህል የሚያመጣው ነጋዴ፣ ለመዘውሩ የሚሆን እንጨት በበቅሎዎቹ ጭኖ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያለ ፈቃድ ለምን ተሰበሰባችሁ ሊል መጥቶ ነበር። የገዛ ሚስቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስትቆፍር ሲያያት «እንግዲህ በርቱ» ብሎ ተመለሰ።

የአባቴ ድንጋዮች ግን ተሰነጣጥቀው ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ማንም ስጪን አላለኝም። ቢሉኝ ኖሮ «የባሌ ነው» ብዬ እምቢ እል ነበር። ስላልጠየቁኝ አፈርኩና ሰጠሁ።

መጀመሪያ የፈጨን ቀን ጉድ ሆንን። ዱቄቱ ወደ ዳር መውጣት ትቶ መሀል ላይ እየታመቀ አረረ። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ ጠበል ይረጭ አለች። እኔ ድንጋዩን አስነስቼ ዱቄቱን ወደ ዳር የሚገፉትን መስመሮች በጣቴ ተከተልኳቸው። ለካ አንተ የወቀርከው ሞተሩ በሚዞርበት በኩል ነው፤ ውሃው ደግሞ በተቃራኒው ያዞረዋል። ይህን የሚያህል ነገር የወፍጮ ቤት ልጅ ሆኜ እንዴት እንደዘነጋሁት እንጃ።

መውቀሪያህን ይዤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ያንተን መስመር እያጠፋሁ አዲስ ስወቅር አለቀስኩ፣ ገብሬ። በተጋባን ሰሞን አጠገብህ ቁጭ ብዬ ስትወቅር ያየሁት የእጅህ ሥራ ነበረ። አንተኑ ከቤቱ የማስወጣህ መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ዱቄቱ ልሞ፣ ሳይግል ወጣ። ኡሙሀኒ ልጇን አዝላ የመጀመሪያውን ቁና አስፈጨች፤ አንተንም መረቀችህ።

አሁን ወፍጮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል፤ ሰፈሩ ተራ ገብቶ ቦዩን ይጠርጋል። ድንጋዩን በየጊዜው የሚወቅር ሰው ሲፈልጉ «ለጊዜው እኔ አለሁ» አልኳቸው። ለጊዜው ያልኩት አንተን አስቤ ነው።

ወልደአረጋይን ስለ አንተ ጠየቅሁት። «ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው» አለኝ። አንተ ካውያ መያዝ እንደማትችል አውቃለሁ። ደህና መሆንህን ሰምቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም።

የምፈራው ቁጣህን እንዳይመስልህ። ሰው «ባልሽ መቼ ይመጣል?» ሲለኝ እስከ ዛሬ «ናፍጣ ሲገኝ» እል ነበር። ራሴንም የማጽናናው በዚሁ ነው፤ ወፍጮው እዚህ እያለ መቼም አይቀርም እል ነበር። አሁን ናፍጣ እንደ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ ሞተርህ የሚያዞረው ድንጋይ የለም። የምትመለስበትን ምክንያት በገዛ እጄ አጠፋሁት። እንግዲህ ከመጣህ የምትመጣው ለእኔ ብለህ ብቻ ነው።

ጽዮን ማርያም ከባሕሩም ከበረሃውም ትጠብቅህ፤ የምትበላው ይስማማህ፣ እንቅልፍህ የሰላም ይሁን። መልስህን ለወልደአረጋይ ስጠው። የማትመጣ ከሆነም ጻፍልኝ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።

ሚስትህ
ወለተ ሥላሴ