ክኒን ለመዋጥ የተሳለ ሰው

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬም አለቀስኩ። የዛሬው በሽሮ ምክንያት ነው። ብርቄ አቀረበችልኝ፣ አየሁት፣ እንባዬ መጣ። ሽሮው ምንም አልሆነም፤ ሃያ ዓመት የማውቀው የሚስቴ ሽሮ ነው። እሷም አይታ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ጾሙ ነው ብላ ይሆናል።

ሲጋራ ካቆምኩ አስራ ሁለት ቀኔ። የማቆሚያውን ክኒን ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ። ድል ካለ ይመዝገብ፦

ወደ ገበያ የሚያወጣውን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁ።
ሳሌ ቀንሷል።
ጃኬቴ የሰው ጃኬት ይሸታል።

ሌላውም ይመዝገብ፦

እንቅልፍ የለም። ከመጣም ከሕልም ጋር ነው፤ ሕልሙ ደግሞ ከኑሮዬ ይልቅ ግልጽ ነው።
ምግብ አያሰኘኝም።
አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነባለሁ፤ በአራተኛውም አዲስ ነው።
ምንም ነገር አያስቀኝም። ሌላ ሰው እግሩ ሲሰበር ሐኪም ቤት ይሄዳል። የእኔ እግር ሳቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ቅዱስ እየሆንኩ ነው፤ ሰፈሩ እንዲህ ይላል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ዓምድ ተደግፌ እንባዬ ሲወርድ የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ አዩኝ። ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «መምህራችንን እዩት! እንባ የተሰጠው ሰው ታድሏል» አሉ። አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ በጸሎትህ አስበኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ነገሩን ሳስበው አይፈረድባቸውም። አለመብላቴ ጾም ሆነ። አለመተኛቴ ትጋት። አለመናገሬ አርምሞ። በሌላ ወር ቢሆን ጎትተው ሐኪም ቤት ይወስዱኝ ነበር። በፍልሰታ ግን በሽታዬ ሁሉ ምግባር ነው።

ለአባ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ የማለቅሰው ለኃጢአቴ አይደለም። ኃጢአቴማ ትዝ ቢለኝ ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ ምክንያት ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ክኒኑ ይሆን? ብዬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። አስቤም ተውኩት፤ ምክንያቱም ክኒኑን መተው አልችልም። ተስያለሁ።

እንዲህ ነው። ሲጋራ አላጨስም ብዬ ሦስት ጊዜ ተስዬ ሦስት ጊዜ አፍሬያለሁ። ስለዚህ አሁን የማልሸነፍበትን መረጥኩ። በአባ ተክሌ ፊት፣ በእመቤታችን ስም፣ «ክኒኑን አንድ ፍሬ ሳላስቀር እጨርሳለሁ» አልኩ። መዋጥ ማን ያቅተዋል? ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ክኒኑን ያዘዘልኝ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም ነው፤ በሳሉ ምክንያት ሄጄ። «ከዚህ በፊት ድብርት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ነበረብዎት?» አለኝ። «የለም» አልኩ፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወራት ሙሉ ከአልጋ መነሻ ምክንያት አጥቼ ነበር። ግን ያኔ በሰቆጣ ያልከፋው ማን ነበር? የሁሉም ሰው ከሆነ በሽታ አይባልም ብዬ ነው። ከዚያ ሐኪሙ ረጅም ነገር አስረዳኝ። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ በር ላይ ስለማጨሳት ሲጋራ አስብ ነበር።

የሰማሁት አንድ ነገር፦ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። ፍልሰታ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም የጠዋቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት። የማታውን ደግሞ ከራት በኋላ። በመካከላቸው አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሲጋራ በፍሬ የሸጠልኝ ወዳጄ ነው። ካቆምኩ ወዲህ ፓኮዎቹን ከሳሙናው ጀርባ ደብቋቸዋል፤ እንዳላይ። የት እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስኳር ይመዝን ነበር። አየኝና «መምህር፣ ሰው ሲጋራ ሲተው ይናከሳል» አለ። «ወንድሜ የተወ ጊዜ ሚስቱ ልትፈታው ነበር። አንተ ግን በግ ሆንክ።»

«ጾም ነው» አልኩ።

«ስንት ፍልሰታ አሳልፈናል? አንተ እኮ በጾም የባስክ ነገረኛ ነህ። እኔ ላይ አትቀልድ።»

ከዚያ አፌ ብቻውን ተናገረ። «ሰይድ፣ ጠዋት ስነቃ፣ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ። በየቀኑ።»

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ተወው። ገዢ ቆሞ እያለ ሱቁን ዘጋ። «ለብርቄ ነግረሃታል?» አልነገርኳትም። «ና» አለኝ። እጄን ይዞ፣ በዝናብ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ሌባ ቤቴ ወሰደኝ። ለብርቄ ያልኩትን ቃል በቃል ነገራት። ሰይድ ማለባበስ አይችልም፤ ስኳር ብቻ ነው የሚጠቀልለው።

ብርቄ ተቀመጠች። «እኔ እኮ እመቤቴን ሳመሰግን ነበር» አለች። «ባሌ ተለወጠልኝ ብዬ።» ከሽሮው ቀን ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ እንደዚህ አልወጋኝም።

የመድኃኒቱን ወረቀት ፈለግን። የማነበው መጽሐፍ ውስጥ ተገኘ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ የስሜት መለወጥ፣ ድብርት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ መውሰዱን አቁመው ወዲያው ሐኪም ያማክሩ።

ሰይድ፣ «ይሄ ሁሉ ቀን መጽሐፍህ ውስጥ ነበር?»

«ዕልባት አድርጌው ነው።»

«እንግዲህ ገጹን አገኘኸው።»

ስለቱን ነገርኳቸው። ብርቄ ፊቷ ተለወጠ፤ ስለት ያስፈራታል። የማታውን ክኒን ግን ከእጄ ወሰደች። «እመቤቴ ብትቆጣም እኔን ትቆጣኝ» አለች። ሰይድ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ይሄ የእናንተ ቤት ነው፤ ቄሱን ጥሩ። ባይሆን እኔ ነኝ የምጠራቸው» አለ። ሐኪሙ ጋ ስንደውል ኔትወርክ የለም። ብርቄ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሰይድም እስኪመሽ አልሄደም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

አባ ተክሌ በጠዋት መጡ። ብርቄ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና አማተቡ።

«አባ፣ በእርስዎ ፊት ነው የተሳልኩት» አልኩ።

«አውቃለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ለመሆኑ የታመመ ሰው ይጾማል?»

«አይጾምም።»

«ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ፍልሰታን የምትፈታ፣ ያንተን ክኒን አትፈታም? እመቤታችን ልጄ ይዳንልኝ አለች እንጂ ፋርማሲ ከፈተች?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔም በድያለሁ። የታመመ ሰው ሳይ ለሕዝብ አሳየሁት። ሕመምህን ጽድቅ አልኩት። ይቅር በለኝ ልጄ።»

እንዴት ይቅር እንደምል አላውቅም፤ እስካሁን ሥራው የእሳቸው ነበር። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

ረፋድ ላይ ሐኪሙ ተገኘ። ክኒኑን የዋጥኩባቸውን ሰዓቶች፣ የጠዋቱን ሐሳብና ከጦርነቱ በኋላ የነበረውን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ብዙ ሰው ያለችግር ይወስደዋል። እርስዎ ግን የቀድሞውን ቢነግሩኝ ኖሮ በቅርብ እከታተልዎ ነበር። አሁኑኑ ያቁሙ፤ ብቻዎን አይሁኑ፤ ዛሬውኑ እዚያው ሆስፒታል ይሂዱ» አለ።

ሄድን። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። «ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ አለ?» አለችኝ፣ ጨው አለ? እንደሚባለው። «አለ» አልኩ። ቤቱ አልፈረሰም። ወንበሯን አስጠግታ ብዙ ጠየቀችኝ። የጦርነቱንም ነገርኳት። ለሰኞ ቀጠረችኝ፤ እስከዚያ ብርቄ ከአጠገቤ እንዳትርቅ አዘዘች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ብርቄ ትእዛዙን ቃል በቃል ወስዳዋለች። ሽንት ቤት ስገባ በር ላይ ቆማ፣ እዚህ ነኝ ለማለት ታስላለች። ዘበኛ ያለው ሰው ሆኛለሁ።

ክኒኑ ሲቆም የሲጋራው አምሮት እንደ ጎርፍ መጣ። ግድግዳውን ማጨስ ይቻላል ቢሉኝ እሞክረዋለሁ። ቆሎ በላሁ። እንደገና ቆሎ በላሁ። መንጋጋዬን አመመኝ። አላጨስኩም፤ ግን በዚህ ላይ አልተሳልኩም። ስለት ይበቃኛል።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

አምስት ሰዓት ተኛሁ። ሕልም ነበረ፤ ስነቃ ግን ጠፋኝ። ተመስገን።

ከሰዓት በኋላ መልሶ ከበደኝ። የጎረቤት ልጃገረዶች ለሻደይ ከበሮ እየመቱ ይለማመዳሉ፤ የሚመቱት ራሴ ውስጥ ይመስላል። ለብርቄ፣ «መጣ» አልኳት። «ምን?» አላለችም። እስኪያልፍ እጄን ይዛ ምስር ለቀመች፤ በአንድ እጇ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ቀጠሮ ሄድኩ። ባለሙያዋ፣ «ዛሬ ጠዋት ያ ሐሳብ መጣ?» አለች።

«መጥቶ ነበር። አልተቀመጠም።»

ጻፈችው። ገና ነው አለችኝ፤ ክኒኑ ከሰውነት ቢወጣም የቀድሞው ሕመም የራሱ ሕክምና ያስፈልገዋል። ሲጋራውንም ያለ ክኒን የምንይዝበት መንገድ አለ፣ ግን በተራ። አልዋሸችኝም፣ ደስ አለኝ።

«ለሐሙስ ልቅጠርዎት?»

«እሺ» አልኩ። ከበሩ ወጥቼ ነው የገባኝ፦ እሺ ስል ሐሙስ መኖሬን አልተጠራጠርኩም።