ሰካራሟ መኪናዬና የዋጫ መንገድ

ረቡዕ

እንደገና ባዶ! ትናንት የቀዳሁት ቤንዚን ከቦንጋ ኮሌጅ እስከ ገበያው ሁለቴ ሳያመላልሰኝ አለቀ። እየገፋሁ ገባሁ። የባጃጅ ሾፌሮች «ሰካራሟ ዛሬም ወደቀች?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ ላሜራ እየቆረጥኩ፣ እየበየድኩ ራሴ የሠራኋት መኪና ናት። ያኔ ሞተሩን ቤንዚን የሚያጠጣ፣ የሚሆናት ካርቡሬተር ሳጣ የፒክአፕ ገጠምኩላት። ለትንሽ ሞተር ሁለት ጉሮሮ! ባትጠጣ ነበር የሚገርመው።

ማደያው ደርቋል። ቅዳሜ ደግሞ ዋጫ መድረስ አለብኝ። ባለቤቴ ትዕግስት እዚያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ሳገባት «በየሳምንቱ እየመጣሁ ቦንጋ አመጣሻለሁ» ብያት ነበር፤ ከተያየን ወር አለፈን። አሁን ሆሳዕና፣ እናቷ ዘንድ፣ ዝውውር አግኝታለች። መልስ የምትሰጠው ሰኞ ነው።

«በሚኒባስ መመላለስማ እኔም አውቃለሁ» አለችኝ በስልክ። «ያቺ መኪናህ ደርሳ መመለስ ከቻለች ዝውውሩን ትቼ እቀራለሁ።»

ሐሙስ

ከጅማ ያስመጣሁት የቮልስ ካርቡሬተር ደረሰ። ባለ አንድ ጉሮሮ፣ ትንሽዬ። ከሰዓት በኋላ ገጥሜ፣ ከአንድ ባጃጅ ሾፌር በለመንኩት ቤንዚን ከተማውን ዞርኩ፤ ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ቤንዚኑ የተነካ አይመስልም! ብቻዬን ጮህኩ።

ጋሽ ሙዘሚል፣ ባለሱቁ፣ ለጄኔሬተራቸው ካስቀመጡት ቤንዚን ለመንገዴ ሰጡኝ። የማመጣበት ጀሪካን ያዋሱኝ አከራዬ እትዬ አስካለ ናቸው።

«የማንኪራ ጫካ ማር ነበረበት ልጄ፤ በሙቅ ውሃ እጠበው» አሉኝ።

«ቤንዚን የማያጥበው ነገር የለም» ብያቸው ሮጥኩ።

ዓርብ

የተረገመ ቀን። ጠዋት ቤንዚኑን ጨመርኩ፤ ዳገቱ ሥር ስደርስ ተንተፋትፋ ሞተች፤ እየገፋሁ ግቢ መለስኳት። አዲሱን ካርቡሬተር ረገምኩ። ፈትቼ አሮጌውን መለስኩ፤ እሱም ሞተ። አዲሱን እንደገና። ጣቶቼ ተላጡ። አንድ ጊዜ ጎማው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

በመጨረሻ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የካርቡሬተሩን ጽዋ ከፈትኩ። ሥሩ ላይ ወፍራም ቢጫ ነገር ተጋግሯል። ሰው ቤንዚን ይቀምሳል? ቀመስኩ። ማር!

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። የታንከሩን ቤንዚን ሁሉ ገልብጬ፣ ከላይ ከላዩ ቀድቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ስነፋ ዋልኩ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«እኛ ለሰው ነው የምንሰጠው ማሩን» አሉ።

ስልኬን ያየሁት ሲመሽ ነው። ትዕግስት ደጋግማ ደውላ ነበር። ስመልስላት አታነሳም።

ቅዳሜ

ደረስኩ! ዳገቱን ሁሉ ሳትንተፋተፍ ወጣች። ዋጫ ስገባ ታንከሩ ከግማሽ በላይ ነበረው። መንገድ ላይ የምነግራትን ሳሰናዳ ነው የመጣሁት።

ትዕግስት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ሻንጣዋ አጠገቧ ነው።

«ትናንት ከቢሮ ጠሩኝ። መልሱን ዛሬውኑ ካልሰጠሽ ቦታው ለሌላ ይሄዳል አሉኝ። ስደውልልህ ዋልኩ፤ አላነሳህም። መኪናዋ ደግማ ተበላሽታ ነው አልኩ» አለች። «ፈረምኩ።»

ስለ ማሩ ከመንገር ሻንጣዋን አነሳሁ።

ከዚያ መኪናዋን አየች። «ቤንዚኑ ተረፈ?»

«ተርፏል።»

«እንግዲያው ዕቃዬን ቦንጋ አድርስልኝ፤ ከዚያ ሆሳዕና በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

ጫንኩ። አልጋ ልብሱን፣ ምድጃውን፣ መጻሕፍቷን። ስንት ቀን የለፋሁባት መኪና ሚስቴን ልትወስድብኝ ተሻለች። ቦንጋ ገባን።

እሑድ

ዕቃው ገና መኪናው ላይ ነው። ላወርደው እጄ እንቢ አለኝ፣ እሷም አውርድ አላለችኝም። ቁርስ ላይ ድንገት፦

«በሚኒባስ ከምንገላታ አንተው ሆሳዕና ብታደርሰኝስ? ይበቃል?»

አይበቃም አልኳት። ውሸት አይደለም፤ የተረፈው ጅማንም አያሻግርም። ማደያው መቼ እንደሚቀዳ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ።

«እስኪቀዳ እጠብቃለሁ» አለችና ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

ጠብቃ ትሂድ፣ ጠብቃ ትቅር አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ፈራሁ። በዚህ ሳምንት ሥራ መግባት አለባት፣ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ሾፌሮቹ «የቤንዚን ቦቴ እየመጣ ነው አሉ!» ብለው ሲጮሁ ከተማው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሮጠ። እኔ ጀሪካኑን ጥዬ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።