ስለ አባቴ ቤት የጓሮ ግድግዳ

ለክቡር የቀበሌያችን የግንባታ ቁጥጥር ተጠሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ ደግሞም ቀኑን ሙሉ ሲፈርም የሚውለው ቀኝ እጅዎ ሁሉም ደህና ናቸው? ባለቤትዎና ልጆችዎስ? የቤትዎ ጣራ አላፈሰሰም? የዘንድሮ ክረምት አመሉ እንዴት እንደሆነ አብረን እያየነው ነውና፣ የእርስዎ ግድግዳ ብሎኬት መሆኑን እያሰብን ስለእርስዎ ያለ ሐሳብ መክረማችንን ስገልጽልዎ በታላቅ ደስታ ነው።

ቡርቱካን ኡበይደላ እባላለሁ። በመርሳና በውርጌሳ መካከል፣ አውቶቡስ ሲያሰኘው በሚቆምባት ሳያሰኘው በሚያልፋት በዚህች ከተማችን፣ ከዋናው መንገድ ዳር በአንዲት የስፌት መኪና የምተዳደር ሴት ነኝ። የእርስዎንም ሱሪ ከአንዴም ሁለቴ አሳጥሬልዎታለሁ። ከአባቴ ቤት እስከ እርስዎ ቤት ቅርብ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስዎ እችል ነበር፤ ዳሩ ግን ቢሮ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት፣ ቤት ስመጣ ደግሞ የቢሮ ጉዳይ በቢሮ ነው ይሉኛል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚሰማበት መጻፉ ለእርስዎም ለእኔም የሚሻል መስሎ ታየኝ። የምጽፈውም ለማመስገን ነው። ምስጋናዬን እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ጥሪያችንን አክብረው በመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አባቴ ኡበይደላ ያንን የጭቃ ቤት በጎልማሳነቱ በገዛ እጁ ነው ያቆመው። ዘንድሮ የጓሮውን ግድግዳ ምስጥ ጨረሰው፤ የማዕዘኑ ቋሚ እንጨት በጣት ሲነኩት ዱቄት ሆኖ ይረግፍ ነበር። አባቴም ያሰበው አሮጌውን ምርጊት አራግፎ፣ አዲስ ቋሚ ተክሎ፣ ማገሩን ቀይሮ፣ ዝናቡ ሳይገባ መልሶ መምረግ ብቻ ነው። ፎቅ አላማረውም፤ ወደ መንገድም አንዲት ስንዝር አልተገፋም።

እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና እንደሚያውቁት፣ በእኛ ሰፈር ለደቦ ሰው አይታጣም፤ አበሳው ቀን መቁረጡ ነው። ዓርብ ለእኛ ጁምዓ ነው። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሚካኤል አለ፣ ገብርኤል አለ፣ ማርያም አለች፤ በእነዚህ ቀኖች አፈር አይቆፈርም፣ እንጨት አይፈለጥም። በገበያ ቀን ማንም አይገኝም። በዚያ ላይ የዘር ወቅት ነው። አባቴና ጎረቤታችን አናጢው አያ ንጉሴ ከደጃፋችን ተቀምጠው በጣታቸው እየቆጠሩ፣ አንዱ አንዱን "ያንተ በዓል በዛ" እያለ እየተሳሳቁም እየተኳረፉም፣ በስንት ጭቅጭቅ ሰኔ ውስጥ አንድ ማክሰኞ አገኙ። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ እንዲበላ እናቴ ሥጋ ትታ ምስር ሠራች። ጭቃውም ቀድሞ ተቦክቶ፣ ጭድ ገብቶበት፣ ደህና አድርጎ ሸትቶ ነበር፤ ሸተተ ማለት ደረሰ ማለት ነው።

ዋዜማውን አባቴ ወደ እርስዎ ላከኝ። እኔ ይቅርብን ብዬው ነበር። "ጎረቤት ሳይጠራ አይቀርም፣ ነገ ቅር ይለዋል" ብሎ ተቆጣኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ማንም እንዳልጠቆመብን ይመዝገብልኝ። መሥሪያ ቤትዎ ሕገ ወጥ ግንባታ የሚያነፈንፍበት ብዙ መንገድ እንዳለው እሰማለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ "ነገ ምሳ እኛ ዘንድ ነው" ብሎ በአክብሮት ጠርቶት የተገኘ ሕገ ወጥ ግንባታ ግን የእኛ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት አመራረጥዎን አደንቃለሁ። ከማለዳው መጥተው ቢከለክሉን ኖሮ ያ ምስጥ የበላው ግድግዳ እንደ አረጀ ሰው እየተንገዳገደም ቢሆን ይህን ክረምት ይሻገር ይሆናል። ወደ ማታ ቢመጡ ደግሞ ሥራው አልቆ፣ ግድግዳው ቆሞ ያገኙት ነበር። እርስዎ ግን ምርጊቱ ተራግፎ፣ የበሰበሰው ቋሚ ተነቅሎ፣ ጣራው በባላ ተደግፎ፣ ቤቱ ጎኑን ከፍቶ በቆመበት ሰዓት ደረሱልን። አባቴ እጅዎን አስታጠበዎት። ምስሩን በሉ፣ እናቴንም "እጅሽ ይባረክ" አሏት፤ ጣትዎን ጠረጉና ሥራው እንዲቆም አዘዙ።

አያ ንጉሴ የማዕዘኑን ቋሚ ብቻ ልትከለውና እናቁም፣ እንዲህ ክፍቱን አያድርም ብለው ለመኑዎት። እርስዎም ያለ ጥገና ፈቃድ አንድ ምስማር እንኳ እንደማይመታ ነገሩዋቸው። ወጣቶቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ዝም ያሰኛቸው ማን ይመስልዎታል? አባቴ ነው። "መንግሥት ይቁም ካለ ይቁም፤ ደግሞ ቤቴ የበላ እንግዳዬ ነው፣ በደጄ አላዋርደውም" አለና ዶማውን መሬት ላይ አጋደመው። ወይ አባቴ! እንዲህ ያለ ሰው ነው የነበረው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያዎቻችንን በአደራ ስላስቀመጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ኋላ የመጡት ደንብ አስከባሪዎች አካፋውን፣ ዶማውን፣ መጥረቢያውን፣ የአያ ንጉሴን መጋዝ ሳይቀር ለማስረጃ ነው ብለው ጭነው ወሰዱት። የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ደቦ የመጣው ሰው ሁሉ የየቤቱን ይዞ ነበርና የሰፈሩ መቆፈሪያ ባንድ ጊዜ ከመጋዘንዎ ገባ። ገበሬ በዘር ወቅት ዶማውን ፍለጋ ቢሮዎ ደጅ ሲመላለስ ማየት ለመንግሥት ሥራ ምን ያህል ክብር እንደሚጨምር አልጠፋኝም።

አራተኛ፣ እውቀት ስለጨመሩልኝ። ፈቃድ ስጠይቅ የግድግዳውን ዲዛይን አምጪ አሉኝ። እኔ የማውቀው ዲዛይን የቀሚስ ነው። ወልድያ ሄጄ ሥዕል የሚሠራ ባለሙያ ፈለግኩ፤ ሕንፃው ባለ ስንት ፎቅ ነው አለኝ። የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ያውም አንድ ጎኑ ብቻ ስለው ጤንነቴን ተጠራጥሮ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቢሆንም ሳለው። በወረቀቱ ላይ ግድግዳችን እጅግ አምሮበታል፣ አጠገቡ ዛፍ ሁሉ አለው። ይዤልዎ ስመጣ መስክ ወጥቶ የሚያየው ሰው ሥልጠና ላይ ነው ተባልኩ። ከሥልጠናው ሲመለስ የሥልጠናው ግምገማ ነበር። ከግምገማው ሲወጣ መኪናው ተበላሸ። ክቡር ሆይ፣ ከቢሮዎ እስከ ቤታችን እኮ አሮጊቷ እናቴ እንኳ በእግሯ ትሄደዋለች!

በዚህ መካከል ሰኔ አለቀ። የተቦካው ጭቃ ደረቀ፣ ዶሮዎች ጫሩት። አባቴ የተከፈተውን ጎን በሸራ ጋረደ፤ እሱም ከግንባታ እንዳይቆጠርበት ፈርቶ በምስማር ሳይሆን በገመድ አሰረው። ሕግ አክባሪነቱ እስከዚህ ድረስ ነበር።

አምስተኛውን ግን ምስጋና ብዬ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ከተራራው ወረደ። ውሃው በሸራው ሥር ገብቶ ባላው የቆመበትን አፈር ሲያጥበው አባቴ አየ። እናቴን ዓቢዳን ከጎረቤት ገመድ አምጪልኝ ብሎ ላካት። ገመድ ፈልጎ ይሁን እሷን ከቤት ሊያስወጣት፣ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፤ ምን ብዬ ልመልስላት? ገመዱን ይዛ አጥሩ ጋ ስትደርስ ባላው ሸሸ፤ የተረፈው ግድግዳ ጣራውን ይዞ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ጩኸቷን ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሰው አልጠፋም፣ ጉልበትም አልጠፋም። አካፋ ግን አልነበረም፤ ዶማም አልነበረም። አንዱ ወደ መጋዘንዎ ሮጠ፤ ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘውም ሰው የት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። አያ ንጉሴ በትሪ ቆፈሩ። እኔ በእጄ፣ በጥፍሬ ቆፈርኩ። እርጥብ ጭቃ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃሉ? አንዱን ስናነሳ ሌላው ይንሸራተትና ይሞላል። መጀመሪያ እግሩን አገኘነው፣ ይሞቃል። ፊቱ ጋ ስንደርስ ገና ይተነፍስ ነበር። ወደ ወልድያ ይዘነው ስንበር መርሳን እንዳለፍን እቅፌ ውስጥ ዝም አለ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ቶሎ ብናወጣው ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። እርስዎም አያውቁትም። ልዩነቱ፣ ይህን አለማወቅ ታቅፌ የማድረው እኔ ብቻ መሆኔ ነው።

ለቅሶ መድረስዎን አልረሳሁም፤ ጎረቤት ነዎትና ያምርብዎታል። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው፣ ራስዎን እየነቀነቁ፣ ሰው ቀኑ ከደረሰ ምን ይደረጋል ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። ልክ ነዎት። አጀል በአላህ እጅ መሆኑን ከእርስዎ በፊት አባቴ አስተምሮኛል። አካፋው ግን በእርስዎ እጅ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እናቴ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የሐዘኗ ጊዜ እስኪፈጸም ከባሏ ቤት አትወጣም። የሰፈራችን ሸህ መጥተው፣ ቤቱ ፈርሷልና ልጅሽ ዘንድ ብትሄጂ ዲኑ አይከለክልሽም ብለው ቢያስረዷት "እሱ ያልለቀቀውን ቤት እኔ አለቅም" ብላ እምቢ አለች። ከወደቀው በተረፈችው ግማሽ ክፍል ውስጥ፣ ቀሪውን ጣራ በግንድ አስደግፈን፣ በሸራ ከልለን ትኖራለች። በዘነበ ቁጥር የስፌት መኪናዬን ትቼ እሮጣለሁ። አባቴን ቀብሬያለሁ፤ እናቴን ከዚያው ጭቃ ሥር ለማውጣት አቅም የለኝም።

ይህንኑ ላስረዳ ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። በትሕትና አስተናገዱኝ። የጥገና ማመልከቻዬ መዘጋቱን፣ ምክንያቱም የሚጠገነው ግድግዳ ስለሌለ ጉዳዩ ከእንግዲህ አዲስ ግንባታ መሆኑን፣ አዲስ ግንባታ ደግሞ በሌላ ክፍል በኩል እንደ አዲስ መጀመር እንዳለበት፣ አመልካቹም የቤቱ ባለቤት ራሱ ቀርቦ መፈረም እንደሚኖርበት አስረዱኝ። የቤቱ ባለቤት አባቴ ነው። ይህንንም ነገርኩዎት። እርስዎም "ለካ!" ብለው እስክሪብቶዎን አስቀመጡ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ልመናም ጥሪም አይደለም፤ እንዲያውቁት ብቻ ነው። አያ ንጉሴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደገና ተቀምጠው ቀን ቆርጠዋል። የፊታችን ሰኞ ነው። ክርስቲያኖቹ ፍልሰታን እየጾሙም ቢሆን እንሠራለን ብለዋል፤ የጾመ ሰው ጭቃ ሲረግጥ ማየት የማይወድ ዓይኑን ይጨፍን። አካፋ ከሐራ ድረስ በትውስት እየመጣ ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ግድግዳው ይመረጋል። ማስቆም ከፈለጉ ሥልጣኑ አለዎት፤ ይምጡ። ሰው ግን በዚያን ቀን ዶማውን መሬት ላይ አያጋድምም፤ ዝም በሉ የሚላቸው ሰው ሞቷል። እናቴም ከውስጥ ናት፣ አትወጣም። ትዕዛዝዎን የሚሰጡት እሷ እየሰማችዎት፣ ስምዎን ጠርታ እንደምን አደርክ ካለችዎት በኋላ ይሆናል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለመጋዘንዎ ቁልፍ መልካም ጥበቃን እመኛለሁ።

ሱሪዎን ሰፊ፣ ሕግዎን አክባሪ፣ በትዕዛዝዎ አባቷን ያጣች ጎረቤትዎ፣
ቡርቱካን ኡበይደላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመስደዴ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "አበዛሽው፣ እሱም የልጆች አባት ነው" ብላ ገሰጸችኝ። ከዚያም እጇን ዘርግታ አላህ ይቅር እንዲልዎት፣ ቤትዎን በሰላም እንዲያቆይልዎት ዱዓ አደረገች። አጠገቧ ነበርኩ። አሚን አላልኩም።