ለቢጂ የዘረጋሁት ጉርሻ

ረቡዕ

እሺ አልኳት! አፌ ቀደመኝ። ሃርፕሪት መቀሷን አስቀምጣ እየሳቀች አቀፈችኝ። በዚህ ልብስ ማስተካከያ ቤት ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሰፋ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ ይህ ነው። ሃርፕሪት ሲክ ናት፤ የሕንዶች ሃይማኖት ነው። መጽሐፋቸው ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ይላል። የጸሎት ቤታቸው ኮሚቴ ውስጥ ግን አንድም ሴት የለችም፤ ሴቶቹ ያሉት ወጥ ቤት ነው። እሷና ጓደኞቿ እሑድ ከጸሎት በኋላ ስለ ሴቶች መብት ሊናገሩ፣ ኮሚቴው ውስጥም ቦታ ሊጠይቁ አስበዋል። ሰብሳቢው፣ «ትልልቆቹ እናቶች ከተስማሙ አሥራ አምስት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ» ብሏቸዋል። ከሁሉም ትልቋ የሃርፕሪት አማት ናቸው። ሰው ሁሉ ቢጂ ይላቸዋል፤ እማማ እንደ ማለት ነው። እሳቸው እንቢ ካሉ የእሑዱ ነገር የለም።

የእኔ ሥራ፦ የእሑዱን ጥሪ የያዘ ወረቀት ማደል። ለእንግዶች የራስ መሸፈኛ መስፋት። ወጥ ቤት ማገዝ። መናገር የለበትም፣ ተመስገን።

ስኔልቪል ከተማ ላለችው ልጄ ደውዬ ነገርኳት። «ማሚ፣ አንቺ? ቮለንቲር? ጎረቤትሽን እንኳ ሰላም የምትዪው በመስኮት ነው እኮ!» ሳቀችብኝ። ይሁን።

ሐሙስ

ከሥራ ወጥቼ ዶራቪል ባቡር ጣቢያ ቆምኩ። ወረቀቱን ሰው ቢጠይቀኝ ብዬ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከሸቀጥ ካርቶንና ሰው ጥሎት ከሄደ ጋዜጣ ነው። የማላውቀውን ቃል ልብስ በምንለካበት ወረቀት ቁራጭ ላይ እጽፈዋለሁ። ዛሬ ሦስት ቃል ጨመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች እንዳላዩኝ ሆነው አለፉ። አሥራ አንደኛዋ ተቀበለች፤ ቆማም አነበበች! ሮጬ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

የወሎው ሰዒድ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ ሃይማኖት ቀየሩ እንዴ? ለቄሱ ልደውል?»

«ደውልልኝ፤ ለእሳቸውም አንድ ወረቀት አለኝ።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! እየሳቀ አምስት ወሰደ። «ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ተሳፋሪ ስልክ ከሚነካካ ይህን ያንብብ።»

ዓርብ

ቢጂ እንቢ አሉ። ሃርፕሪት ዓይኗ አብጦ ነው ሥራ የገባችው። «እኛ እንዲሁ ኖረናል፤ ምን ጎደለብን?» ብለዋታል።

ነገ የእሑዱ ምግብ ይዘጋጃል፤ ቢጂም እዚያው ናቸው። «አንቺ ነይልኝ፤ እንግዳ ፊት አይቆጡም» አለችኝ። ተስፋ አልቆረጥኩም። አሥራ አራት የራስ መሸፈኛ ጨረስኩ። ጠርዛቸው ቀጥ ብሏል።

ቅዳሜ

አበላሸሁት። እጄ ይቆረጥ!

ጠዋት ሁሉም ደህና ነበር። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ራሴን ሸፈንኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ቂጣ አገላበጥኩ። ቢጂ ሰማንያ ዓመት አይመስሉም፤ እኔን ይቀድሙኛል። ምግብ ሲደርስ ሁላችንም መሬት ላይ በአንድ መስመር ተቀመጥን። ቢጂ ብቻ አልተቀመጡም። ያድላሉ፣ ይጨምራሉ፣ ያጎነብሳሉ። ወንዶቹ በልተው ተነሡ፣ ልጆቹ ተነሡ፤ እሳቸው ገና እህል አልቀመሱም።

አላስቻለኝም። አጠገቤ ሲደርሱ ከሳህኔ ቂጣ ቆርሼ፣ ምስሩን አጥቅሼ፣ «በሞቴ!» ብዬ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ።

ሃርፕሪት እጄን ያዘችኝ። ለካ እነሱ ዘንድ ሰው ከጀመረው ሳህን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ትራፊ መስጠት ነው። ቢጂ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወጡ።

ጉርሻ እኛ ዘንድ የፍቅር እንደሆነ ለሃርፕሪት አስረዳኋት። «እነግራቸዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ግን ተስፋ የለውም።

ነገ ልሂድ ወይስ ልቅር?

እሑድ

ሄድኩ!

በር ላይ ቆሜ መሸፈኛ አደልኩ። ከሚድታውን ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ ወረቀቱን ያገኙት ሰዒድ ታክሲ ውስጥ ነው! ጸሎቱ ሲያልቅ ሰብሳቢው ወደ እናቶች ዞሮ ጠየቀ። ቢጂ ተነሡ። ማይክ አልፈለጉም። ሃርፕሪት ጆሮዬ ሥር ተረጎመችልኝ።

«ሙሽራ ሆኜ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ሳበላ ኖሬአለሁ። በልተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ረስቼው ነበር። ትናንት ይህች እንግዳ ደንባችንን አላወቀችም፤ መራቤን ግን አወቀች። መጽሐፋችን እኩል ናችሁ ይለናል፤ እኛ ቆመን እናድላለን። ሴቶቹ ይናገሩ። አሥራ አምስት ደቂቃም አይበቃቸውም።»

አርባ ደቂቃ ተናገሩ!

ምግብ ሲቀርብ ቢጂ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ራሱ ቂጣ አደላቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ገና ሳይቀምሱት ቆርሰው ወደ አፌ ዘረጉ። በመካከላችን የጋራ ቋንቋ የለም። አፌን ከፈትኩ።

ሰኞ

ኮሚቴው ገና መልስ አልሰጠም። ሐሙስ ይሰበሰባል፤ ቢጂ ገብተው እንዲቀመጡ ግን ጠርቷቸዋል። ከሴት የመጀመሪያዋ ናቸው።

ሃርፕሪት ዛሬ ነጭ ቀሚሳቸውን ይዛ መጣች። እጅጌው ረጅም ነው። ወጥ ቤት እስከ ክርናቸው ስለሚጠቀልሉት ለዓመታት ማንም ልብ አላለውም። አሁን እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡ ነው። «አስካለ ትስፋው» ብለዋል።

ሐሙስ ምን እንደሚሏቸው አላውቅም። እጅጌው ግን አጥሮ አልቋል፤ ልክ አንጓቸው ላይ ያርፋል።